ጌጡን ማን ገደለው

ዓሣው በጀርባው ተንሳፍፎ የተገኘው በነሐሴ 1970 ዓ.ም. አንድ ዝናባማ ጠዋት ነው። በዚያ ዘመን ኮተቤ ውስጥ ስለ ሞተ ሰው መጠየቅ ራሱ ያስጠይቅ ስለ ነበር፣ ስለ ሞተ ዓሣ መርማሪ ይጠራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። አቶ ዓምደ ሚካኤል ግን ጠሩ። ፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበው፣ ጭቃውን እየረገጡ ጎረቤታቸው ሻምበል ወንድይራድ ዘንድ ሄዱና በሩን በከዘራቸው ደበደቡ።

«ሻምበል፣ ጌጡ ሞተ» አሉ።

ሻምበል ወንድይራድ ዕድሜያቸውን በፖሊስ ሠራዊት ውስጥ ነፍሰ ገዳይ ሲያድኑ የጨረሱ ሰው ናቸው። አብዮቱ ሲመጣ የድሮ ሥርዓት ርዝራዥ ተብለው ያለ ጊዜያቸው ጡረታ ወጡ። ገዳይ የሚታደንበት ጊዜ አልፎ ገዳይ የሚሾምበት ጊዜ መጥቶ ነበርና፣ ባይወጡም የሚሠሩት ሥራ አልነበረም። በእጃቸው የያዙትን የሻይ ብርጭቆ እንደ ያዙ ሽማግሌውን ትክ ብለው አዩዋቸው።

«ምን ሆኖ ሞተ?»

«እሱን እንዲነግሩኝ ነው የመጣሁት።»

«አቶ ዓምደ ሚካኤል፣ ዓሣ እኮ ነው። ዓሣ ይሞታል።»

«ልጄን ማን ገደላት ብዬ መጠየቅ አልተፈቀደልኝም» አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ዓሣዋን ማን ገደለው ብዬ መጠየቅ ግን የከለከለኝ የለም። ሻምበል፣ ከመሞቴ በፊት አንድ ነገር፣ አንድ ነገር ብቻ ባውቅ ምናለበት?»

ሻምበሉ ብርጭቆውን አስቀምጠው ካፖርታቸውን አነሡ።

ፀዳለ የአቶ ዓምደ ሚካኤል አንድያ ልጅ ነበረች። ዓሣውን ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ህንዳዊ መምህር በማርማላታ ብልቃጥ ሰጥቷት ይዛ ስትመጣ ከአውራ ጣት አይበልጥም ነበር። ብርቱካንማ ቀለሙን አይታ «ጌጡ» አለችው፤ ግቢው ውስጥ ባለው በድንጋይ የተከበበ ኩሬ ጨመረችው፤ አደገ፣ መዳፍ አከለ። ባለፈው ዓመት ሰዎች መጥተው ፀዳለን ወሰዷት። በሩን ያንኳኳላቸው የሰፈሩ ልጅ፣ አቶ ዓምደ ሚካኤል ፊደል ያስቆጠሩት የአብዮት ጥበቃው ለይኩን ነበር። አስከሬኗ አልተሰጠም፤ ድንኳን መጣልም ማልቀስም ክልክል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት የዳቦ ፍርፋሪ ይዘው ኩሬው ዳር ይቀመጣሉ። በከዘራቸው ድንጋዩን ኳ ሲያደርጉ ጌጡ ብቅ ይላል። ከሰው ይልቅ እሱን ያነጋግሩ ነበር።

ሻምበሉ ኩሬው ዳር ቁጢጥ አሉና ጌጡን በመዳፋቸው አንሥተው አገላበጡት። ቅርፊቱ አልተላጠም፤ የድመት ጥርስም የአሞራ ጥፍርም አልነካውም። አፉ ግን አየር እንዳጠረው ሰው ተከፍቶ ቀርቷል። ቀጥለው ውኃውን መረመሩ። ድንጋዮቹ ላይ ተለጥፈው የሚውሉት ቀንድ አውጣዎች ረግፈው ታች ወርደዋል። የትንኝ እጮች ግን ምንም እንዳልተፈጠረ እየተጥመለመሉ ወጣ ገባ ይላሉ። የዝናብ ውኃ የሚወርድበት ቦይ ኩሬው ውስጥ በሚገባበት በኩል፣ ሣሩ ላይ ነጭ አረፋ ተንጠልጥሏል። ሻምበሉ አረፋውን በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱትም።

«ትናንት ደህና ነበር?»

«ጠዋት ፍርፋሪውን በልቷል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ብወጣ ወደ ላይ እየመጣ አፉን ይከፍታል። የራበው መስሎኝ ዳቦ ጨመርኩለት።» አቶ ዓምደ ሚካኤል ፊታቸውን አዞሩ። «እየሞተ ነበር ለካ። እኔ ዳቦ እሰጠዋለሁ።»

ግቢው ድሮ ሙሉውን የእሳቸው ነበር። የትርፍ ቤት አዋጅ ከወጣ በኋላ ከዋናው ቤት ጀርባ ያሉት ሁለት የሠራተኛ ክፍሎች የቀበሌ ሆኑ። በአንደኛው በዳዳ የሚባል ከወለጋ የመጣ የወባ ማጥፊያ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ይኖራል፤ ጴንጤ ነው፤ መስኮቱን ዘግቶ በለሆሳስ ይጸልያል፤ ለይኩን ይህን ሰምቶ እሱን የሚይዝበት ሰበብ ሲፈልግ ከርሟል። በሌላኛው ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክማ እያወረደች የምትሸጠው ሸዋረጋ አለች። የሸዋረጋ ልጅ ዘነበ ከአምና ጀምሮ ይፈለጋል፤ እሷ አላየሁትም ትላለች።

ሽማግሌው የሻምበሉን በር ሲደበድቡ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ኖሮ፣ ለይኩን ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። የሆነውን ሰማ፤ ኩሬውን ላመል ያህል አየ፤ በቀጥታ ሄዶ የበዳዳን ክፍል በረበረ። ሲወጣ በእጁ ቆርቆሮ ይዟል።

«ዲዲቲ» አለ።

«ለትኋን ነው» አለ በዳዳ። ለሥራ ለባብሶ ነበር፤ ክራቫቱ ገና አልታሰረም።

«ለትኋን ነው። ዛሬ ዓሣ፣ ነገ የቀበሌው ሕዝብ የሚጠጣው ውኃ። ሙከራ መሆኑ ነው እንግዲህ።»

«ጓድ ለይኩን፣ ረጋ በል» አሉ ሻምበሉ። «ገና ምርመራ አልተደረገም።»

ለይኩን ሣቀ። «እርስዎ ምርመራ የሚያውቁ ከሆነ ሌላ ገዳይ ያምጡልኝ፣ ሻምበል። እስከ ማታ ካላመጡ ይሄን ሰውዬ ወደ ከፍተኛው እልከዋለሁ።»

ከቀበሌው በላይ ወዳለው እስር ቤት፣ ወደ ከፍተኛው፣ ለተላከ ሰው ብዙ ጊዜ ስንቅ የሚቀበል እንኳ አይገኝም ነበር። አቶ ዓምደ ሚካኤል ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ለይኩን በዳዳን እየገፈተረ ሲወስደው «እኔ እኮ የጠየቅሁት ስለ ዓሣው ነው» እያሉ ከኋላ ጥቂት ተከተሉ፤ የሰማቸው የለም።

ሻምበሉ በዳዳን ያነጋገሩት በቀበሌው መጋዘን መስኮት በኩል ነው። ዘቡ የድሮ ባልደረባቸው ልጅ ስለ ነበር አየሁ አላለም።

«ቆርቆሮውን ትናንት ከፍተኸዋል?»

«ክዳኑ ዝጎ አልከፈት ካለኝ ሰንብቷል። ለዚያ ነው ትኋኑ የሚበላኝ።»

«ከክፍላችሁ ጀርባ ያለው ቦይ ድሮ ወደ መንገዱ ነበር የሚወርደው። አሁን ወደ ኩሬው ይገባል። ማን አዞረው?»

በዳዳ አቀረቀረ። «እኔ ነኝ። ጎርፉ ቤቴ እየገባ አላስተኛ ሲለኝ ሰሞኑን በአካፋ አፈር ደልድዬ አዞርኩት። ኩሬ የዝናብ ውኃ ቢገባበት ምን ይሆናል ብዬ ነው። ለማንም አልተናገርኩም።»

«ለሸዋረጋም?»

«እሷ ቀኑን እንጦጦ ነው የምትውለው፤ መቼ አገኛታለሁ?» ከዚያ ፊቱን ወደ ፍርግርጉ አስጠጋ። «ሻምበል፣ ባለቤቴ እዚያ አገር ቤት አራስ ናት። ልጁን ገና አላየሁትም።»

ሻምበሉ ቃል አልገቡለትም። በሥራ ዘመናቸውም ቃል መግባት አይወዱም ነበር። ወደ ግቢው ተመልሰው የሸዋረጋን በር አንኳኩ።

ክፍሉ ጠባብና ጨለማ ነው። ሸዋረጋ በርጩማ አቀረበችላቸው፤ አጠገቡ ሙቀጫ አለ። ሻምበሉ ገና ተቀምጠው ሳይጨርሱ አስነጠሳቸው። ደገማቸው። ሠለሳቸው።

«ይማርዎ» አለች።

መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉና ወደ ሙቀጫው ጎንበስ ብለው አዩ። ዳርና ዳሩ ላይ ግራጫ ዱቄት ቀርቷል።

«እንዶድ ወቅጠሽ ነበር?»

«ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ ከጠፋ ወር አልፎት የለ? ሰው ሁሉ በምን የሚያጥብ ይመስልዎታል?»

«ምን አጠብሽበት?»

«ጋቢዬን።»

ጋቢዋ ትከሻዋ ላይ ነበር፤ ጠርዙ የሳምንት ጭቃ ይዞ ደርቋል። ሻምበሉ አላረሟትም። በተከፈተው በር ወደ ውጭ ሲያዩ የግቢው የልብስ ገመድ ባዶውን ተወጥሯል። ክፍሉ ውስጥም የተሰጣ ነገር የለም። ጸጥታ ሲሆን ግን አንድ ድምፅ ሰሙ። ጠብ ይላል፤ ቆይቶ ደግሞ ጠብ ይላል። ከአልጋው ሥር ወለሉ ረጥቧል። ከአልጋው ጠፍር ጋር ታስሮ ወደ ታች የተንጠለጠለ የወንድ ሱሪ እግር ጫፉ ይታያል።

ሻምበሉ ነገሩ ሁሉ ገባቸው። ልጁ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ነው፤ እናቱ ቅጠል ለቀማ እያለች የምትወጣው ምግብ ልታደርስለት ነው፤ በቅጠል ሸክም ውስጥ ደብቃ ያመጣችውን ቆሻሻ ልብሱን ነው ያጠበችው። የመርማሪ ኩራት የሚባል ነገር አለ፤ ያን ዕለት ግን አልተሰማቸውም።

«ሸዋረጋ፣ ከአልጋሽ ሥር ያለውን አላየሁም» አሉ በዝግታ።

ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«አላየሁም አልኩሽ። እጣቢውን ግን የት ደፋሽው?»

«ከጀርባ፣ ቦዩ ውስጥ። ከግቢ ይዤው ብወጣ ሰው ያየኛል ብዬ። ወደ መንገድ አይደል የሚሄደው?»

«በዳዳ አዙሮታል። አሁን የሚገባው ኩሬው ውስጥ ነው።»

ከዚያ አፏን በጋቢዋ ያዘች። «ጌጡን እኔ ነኝ የገደልኩት?»

«በዳዳን ለማስፈታት እንዶድ መሆኑን መናገር አለብኝ። አንቺ ልብስ አጠብኩ፣ ዓሣ እንደሚገድል አላወቅሁም በዪ። ሌላውን ማንም አይጠይቅሽም።»

ሻምበል ወንድይራድ አዋቂ ሰው ነበሩ፤ ግን እውነትን ግማሹን አውጥቶ ግማሹን ኪስ ውስጥ ማስቀረት የሚቻል መስሏቸው ነበር።

ወደ ማታ ሲል ዝናቡ አቆመና ሁሉም ኩሬው ዳር ተሰበሰቡ። በዳዳ እጁ የኋሊት ታስሮ ከዘቡ ጎን ቆሟል። ሸዋረጋ ራቅ ብላ ግድግዳ ተደግፋለች። አቶ ዓምደ ሚካኤል ከቤት የወጣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከዘራቸውን ጭነዋል፤ ጌጡ እግራቸው ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ለይኩን ሲጋራውን ለኩሶ «ይቀጥሉ» አለ።

«መጀመሪያ፣ አውሬ አይደለም» አሉ ሻምበሉ። «ገላው ላይ ጭረት የለም። አፉ ተከፍቶ ነው የሞተው፤ አቶ ዓምደ ሚካኤልም ትናንት ወደ ላይ እየመጣ አፉን ሲከፍት አይተውታል። ስለዚህ ትንፋሹን የዘጋው ውኃው ውስጥ የገባ ነገር ነው።»

«እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው። ዲዲቲ።»

«ዲዲቲ የተሠራው ምን ለመግደል ነው?»

«ትንኝ።»

«እስቲ ጎንበስ በልና ውኃውን እይ።»

ለይኩን ጎንበስ አለ። «ምንድን ነው የሚርመሰመሰው?»

«የትንኝ እጭ። ትንኙን ምሮ ዓሣ የሚገድል ዲዲቲ የለም። ቆርቆሮውንም ሞክረው፤ ክዳኑ ዝጓል፣ በጥርስም አይከፈት።»

ለይኩን ቆርቆሮውን ታገለው። አልተከፈተም። በዳዳ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር።

«አሁን ደግሞ ታች እይ። ቀንድ አውጣዎቹ አልቀዋል። ሣሩ ላይ ያለው አረፋ ከጠዋት ጀምሮ አልጠፋም። እኔ ጣና ዳር ነው ያደግሁት፤ ልጆች ሆነን እንዶድ ወቅጠን ወንዝ ውስጥ እንጨምር ነበር። ዓሣው ትንፋሽ አጥሮት ሲንሳፈፍ በእጃችን እንለቅመዋለን። ቀንድ አውጣውም አይተርፍም። አረፋው እንደ ሳሙና ነው፣ ቶሎ አይጠፋም።»

«እንዶድ ማን ጨመረው?»

«ማንም አልጨመረውም። ሳሙና ስለ ሌለ ሸዋረጋ ልብስ በእንዶድ አጠበች፤ እጣቢውን ቦዩ ውስጥ ደፋች፤ ወደ መንገድ የሚሄድ መስሏታል። በዳዳ ደግሞ ጎርፍ ሲያስቸግረው ቦዩን ወደ ኩሬው አዙሮታል፤ አልነገራትም። እሱ እንዶዱን አያውቅ፣ እሷ ቦዩን አታውቅ። ሁለቱም ክፉ አላሰቡም። ይሄው ነው።»

«ስለዚህ ገዳይ የለም» አሉ አቶ ዓምደ ሚካኤል። ሲናገሩ የተቀሙ ይመስሉ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሚጠሉት ሰው ሲጠብቁ ውለዋል፤ ያገኙት ቦይና እጣቢ ሆነ።

ለይኩን ሲጋራውን ጭቃው ላይ ጥሎ ረገጠው። የበዳዳን እጅ እንዲፈታ ለዘቡ በአገጩ ምልክት ሰጠ። ሻምበሉ ወደ ውስጥ ተነፈሱ።

«እናቴም በእንዶድ ታጥባለች» አለ ለይኩን፣ ሊሄድ ከዞረ በኋላ። «አጥባ ታሰጣለች። እኔ በዚህ ግቢ በር ትናንትም ዛሬም ስመላለስ ነው የዋልኩት፤ ገመዱ ላይ አንድ ጨርቅ አላየሁም። እትዬ ሸዋረጋ፣ ያጠብሽው ልብስ የታለ?»

ሸዋረጋ ወደ ሻምበሉ ዞረች። ሻምበሉ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠይቁ የኖሩት ዓይነት ጥያቄ ነበር፤ መልሱን ግን አላዘጋጁም። ለይኩን ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ወደ ክፍሏ ተራመደ።

«የልጄ ነው» አሉ አቶ ዓምደ ሚካኤል።

ለይኩን ቆመ። «ምኑ?»

«ልብሱ። የፀዳለ ቀሚስ ነው። እጠቢልኝ ብዬ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሰው እንዳያየው ተቀብያት ቤት ውስጥ አሰጣሁት።»

ሸዋረጋ ግድግዳው ላይ እንደ ተለጠፈች ቀረች። ሽማግሌው ወደ እሷ አላዩም፤ ለይኩንን ብቻ ያዩ ነበር። የልጅቷ ስም ሲጠራ ለይኩን ዓይኑን ሰበረ።

«ለፀረ ሕዝብ ሐዘን መቀመጥ ክልክል መሆኑን ያውቃሉ፣ ጋሼ።»

«ሐዘን አልተቀመጥኩም። ልብስ ነው ያሳጠብኩት።»

«ያምጡትና ልየው።»

አቶ ዓምደ ሚካኤል ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡና ወደ ቤት ገቡ። ቀሚሱ እውነት ነበር፤ መታጠቡ ነው ውሸቱ። ፀዳለ ሊወስዷት የመጡ ዕለት ለውጪ የሚሆን ልብስ ልቀይር ብላ አውልቃ ወንበር ላይ የተወችው የቤት ቀሚሷ ነው። አባቷ ሽታዋ እንዳይወጣ በትራስ ልብስ ቋጥረው አኑረውታል። ሲብስባቸው ፈትተው ፊታቸውን ይቀብሩበታል፤ ቶሎ ደግሞ ይቋጥሩታል፣ እንዳያልቅ። ከዚያ ሌላ ከልጃቸው የቀራቸው ነገር ቢኖር ዓሣው ነበር።

ውጭ የቀሩት ሰዎች የቧንቧ ውኃ ሲወርድ ሰሙ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለ ለይኩን።

«እርጅና ነው፤ ሲፈሩ ሽንት ይመጣባቸዋል» አሉ ሻምበሉ ጮክ ብለው። ቀጥለውም ስለ እንዶድ፣ ስለ ጣና፣ ስለ ልጅነታቸው ያልተጠየቁትን ሁሉ ማውራት ጀመሩ። ውኃው እስኪዘጋ ድረስ አላቋረጡም።

ሽማግሌው ቀሚሱን በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ። ውኃው ክንዳቸው ላይ ይወርዳል።

«እስካሁን አልደረቀም?»

«በዚህ ክረምት፣ ቤት ውስጥ፣ በምን ይድረቅ?»

ለይኩን ቀሚሱን ተቀብሎ ጨመቀው። ያምን ወይም አያምን እንደ ሆነ ከፊቱ አይታወቅም፤ የሸዋረጋን በር ግን ደግሞ አላየም። ቀሚሱን ጠቅልሎ በብብቱ ያዘ። «ይሄ ቀበሌ ይቆያል» አለ። «እርስዎም ነገ ጠዋት መጥተው ቃል ይሰጣሉ።»

«ቀሚሱን ተውልኝ፣ ልጄ።»

«አይቻልም፣ ጋሼ» አለና ወጣ።

በዳዳ ማንንም ሳያይ ክፍሉ ገብቶ አካፋውን ይዞ ወጣና ቦዩን ወደ ቀድሞ ቦታው ሊመልስ መቆፈር ጀመረ። ሸዋረጋ ጭቃው ላይ ወድቃ የሽማግሌውን ጉልበት ያዘች።

«ጋሽ ዓምደ ሚካኤል፣ ምን ብዬ…»

«ተነሺ።»

«ልጄን እኮ…»

«ልጅሽን አላየሁትም፤ የት እንዳለም አላውቅም። እግዜር ይጠብቀው።» እግራቸውን ከእጇ ቀስ ብለው አላቀቁ። «ዓሣዬን ግን ገድለሽብኛል። ቀሚሷንም በገዛ እጄ አሳጥበሽኛል። ከዛሬ ጀምሮ ደህና አደሩ ብለሽ በሬ ላይ እንዳትቆሚ።»

እሷም «እሺ» አለች።

ሻምበሉ በጨርቅ የተጠቀለለውን ዓሣ አነሡ። «ልቅበርልዎት?»

«ይቅበሩት። እኔ አልችልም።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ አቶ ዓምደ ሚካኤል። እዚህ ያደርሰናል ብዬ አላሰብኩም።»

ሽማግሌው ደረጃውን ወጥተው በሩ አጠገብ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ፤ ሰው የማያያቸው ሲመስላቸው ሁለት እጆቻቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱ። እጃቸው የቧንቧ ውኃ ብቻ ይሸት ነበር።